ሲቆሙ ያጥፉ

የዚያን ዕለት የአማቱ ወሬ የጀመረው ከጉልበታቸው ነበር።

"ዛሬ ደግሞ ተራው የግራው ነው" አሉ ከጎናቸው ለተቀመጠችው ልብስ ሰፊ። "ትናንት ቀኙ ነበር። ሁለቱ ተነጋግረው የሚያመኝ ይመስለኛል… አንቺስ፣ ዓይንሽ ተሻለሽ? መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃተኝ ስትዪ አልነበር?"

ልብስ ሰፊዋ የአማቱ ጎረቤት ናት። ኮረብታው አናት ላይ ቤታቸው ግድግዳ ይጋራል። ያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ የተገናኙት በአጋጣሚ ነበር፤ እሷ ጨርቅ ገዝታ ስትመለስ፣ እሳቸው ደግሞ ልጃቸው ቤት ሦስት ቀን ሰንብተው ሲመለሱ። የልጃቸው ባል፣ አማችየው፣ ከኋላቸው፣ በመጨረሻው ወንበር ጥግ፣ የአማቱን ትልቅ ቦርሳ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ክራባት አስሯል። የእረፍት ቀን ሆኖ ሳለ ለምን እንዳሰረ ራሱም አያውቅም።

አማችየው የከተማው አውቶቡስ ድርጅት የወጪ ኃላፊ ነው። ከተሾመ ወዲህ አውቶቡስ ሲሳፈር ይህ የመጀመሪያው ነበር። የመሥሪያ ቤት መኪና በእረፍት ቀን ከግቢ እንዳይወጣ ያዘዘው ራሱ ስለሆነ፣ ሚስቱ "እማዬን ቤቷ አድርሳት" ስትለው "በምን?" ሊል አፉን ከፈተ። ሚስቱ ስምንተኛ ወሯ ነው። ፊቷን አየና አፉን መልሶ ዘጋው።

አውቶቡሱ ከኮረብታው ሥር፣ መነሻው ላይ ቆሟል። ሞተሩ ጠፍቷል። ከሾፌሩ ራስ በላይ ቢጫ ተለጣፊ ወረቀት አለ፤ በትልልቅ ፊደል "ሲቆሙ ያጥፉ" ይላል። ያንን ያስለጠፈው አማችየው ነው። የከተማው ምክር ቤትና ድርጅቱ በገንዘብ ከተጣሉ ቆይተዋል። ምክር ቤቱ ድጎማችንን ተቀብላችሁ ነዳጅ ታቃጥላላችሁ ይላል። ድርጅቱ ደግሞ ዋጋ እንዳንጨምር ከልክላችሁ፣ ጉድለቱንም አንሸፍንም ብላችሁ፣ በምን እንንዳው፣ በጸሎት? ይላል። በዚህ ጭቅጭቅ መሃል ነው አማችየው አውቶቡሶቹ ሰው እስኪሞላ ሞተራቸው እየሠራ እንደሚቆሙ ያስተዋለው። ተለጣፊው ወጣ፣ ነዳጅ ቀነሰ፣ ምክር ቤቱ አጨበጨበ። አውቶቡሶቹ ግን አሮጌ ናቸው። ባትሪያቸው ደክሟል፣ የሚያስነሳቸው ሞተሪኖም እንደነገሩ ነው፤ ለመለዋወጫ የሚሆነው ገንዘብ ደግሞ ምክር ቤቱ ጋ ተይዟል። ስለዚህ አንዴ ከጠፉ ለመነሳት ይለግማሉ። ይህ ነገር አማችየው ጠረጴዛ ላይ የደረሰው "አንዳንድ ቴክኒካዊ መዘግየቶች" ተብሎ ነበር።

"ጸጥታው ደስ አይልም?" አሉ አማቱ። "ድሮ እኮ እዚህ ቁጭ ብሎ ማውራት አይቻልም ነበር። ሞተሩ ሲያጓራ፣ ወንበሩ ሲንቀጠቀጥ፣ አንዷ 'ምን አልሽ?' ስትል፣ ሌላዋ 'ምን አልሽ?' ስትል ኮረብታው አናት ይደረሳል። አሁን ይኸው… ሰው ከጎረቤቱ ጋር የልቡን ያወራል። የኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል። ይህን ያሰበ ሰው ተባረክ አይባልም ትያለሽ?"

አማችየው ቦርሳውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

ፊት ለፊት የተቀመጠ፣ ጫማው ላይ ሲሚንቶ የደረቀበት ግንበኛ ዞር ብሎ አቶ ያጥፉን ነው የሚመርቁት? ሲል ጠየቀ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የኮረብታው ሰው ያንን ተለጣፊ ያስለጠፈውን ሰው በመልክ አያውቀውም፤ ስም ግን አውጥቶለታል። አንዷ አቶ ያጥፉን ባገኘው እንዲህ አደርገው ነበር አለች፤ ሌላው ከዚያ የባሰ አለ። ያሉትን ሁሉ እዚህ መጻፍ ይከብዳል።

አማቱ ግን ጠበቃ ሆኑ።

"ኧረ ተዉት፣ የሰው ልጅ ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ ምን አጠፋ?" ትንሽ ጠበቁ። "ሞተር እንጂ ምን አጠፋ? ስንቱ ተሹሞ ስንት ነገር ያጠፋል። እሱ እንዲያጠፉ አዘዘ እንጂ በእጁ አላጠፋም… ቁጠባ እኮ ተፈጥሮ ነው። ልብስ ሰፊ፣ አንድ የማውቀው ቤት አለ፤ እንግዳ ሆኜ ነበር። የቤቱ ጌታ ቆጣቢ ነው፤ ምን የመሰለ ልጅ መሰለሽ። ከክፍል ሲወጣ መብራት ያጠፋል። ሰው ውስጥ ካለም ያጠፋል። አንድ ምሽት ኮሪደሩ መሃል ስደርስ ድርግም አደረገብኝ። ተናደድኩ? ምን በወጣኝ። ግድግዳውን እየዳበስኩ ሄድኩ። ለካ ግድግዳው እንዴት ልስልስ ያለ ቀለም ተቀብቷል… መብራቱ በርቶ ቢሆን ይህን መቼ አውቀው ነበር?"

አማችየው ያን ምሽት አስታወሰ። ኮሪደሩ ላይ ሰው አለ ብሎ አላሰበም ነበር። አሁን አጎንብሶ ይቅርታ ሊጠይቅ ቃጣው፤ ነገር ግን እሳቸው ስለ እሱ ነው ያወሩት ያለው ማነው? ማንም ስሙን አልጠራም። ይቅርታ ቢጠይቅ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየዋል። ከዚያ ሁሉ የአቶ ያጥፉ ወዳጅ መሃል በሩ ሩቅ ነበር። 

"ደግሞ ምክር ቤቱና ድርጅቱ ተጣሉ ይባላል" ቀጠሉ አማቱ። "እኔ ጠብ አይመስለኝም። ጓደኛሞች ምሳ በልተው ሲነሱ 'እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል' ተባብለው ይጓተቱ የለ? እነዚህ ደግሞ 'አንተ ክፈል፣ አንተ ክፈል' ይባባላሉ። መተሳሰብ ነው… አንድ ነገር ብቻ ነው ያልገባኝ። ሂሳቡ ወደኛ ጠረጴዛ የመጣው ለምንድን ነው? እኛ ምን በላን?"

ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ተመቻቸና ቁልፉን አዞረ። አውቶቡሱ ክርርር አለ። አንዴ ደግሞ ክርር አለ። ከዚያ ጭጭ።

ማንም አልደነገጠም። ተሳፋሪው ሁሉ፣ ልክ ደወል እንደሰማ ተማሪ፣ ዕቃውን ወንበሩ ላይ እያስቀመጠ ተነሳ። አማችየው ምን እንደሆነ ሳይገባው ቁጭ እንዳለ፣ ግንበኛው ትከሻውን ነካ አደረገውና ክራባቷን ወደ ኋላ ጣል አድርጋት፣ ወንድሜ፣ እንውረድ አለው። ትኬት ቆራጩ እንኳ እጅጌውን ሰብስቦ ወርዷል። ሾፌሩ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና ጉልበታቸውን የሚያማቸው አማቱ ብቻ ቀሩ። ልብስ ሰፊዋም ጨርቋን አማቱ ዘንድ ጥላ ወረደች።

አማቱ ቀስ ብለው ወደ መጨረሻው ወንበር ተዛወሩ። እዚያ ያለው መስኮት መስተዋቱ ከወደቀ ቆይቷል። ክርናቸውን አስደግፈው ወደ ውጭ ብቅ አሉ። አማችየው ከመስኮቱ ሥር ትንሽ ወደ ኋላ፣ በግንበኛውና በልብስ ሰፊዋ መሃል፣ ሁለት እጁን የአውቶቡሱ ጀርባ ላይ አድርጎ ነበር። ብረቱ በአቧራና በጥቀርሻ ተሸፍኗል።

"ልብስ ሰፊ" አሉ አማቱ ከላይ። "እየገፋሽ ስሚኝ፤ ድካሙን ያስረሳሻል። ያ ያልኩሽ የቤቱ ጌታ ሳሎኑ ውስጥ አንድ የሚያምር ወረቀት ሰቅሏል፤ በመስተዋት ክፈፍ ውስጥ የገባ። 'ድርጅቱን ወደፊት ለገፋ' ይላል። ባየሁት ቁጥር ይገርመኝ ነበር። በምን እጁ ገፋው እላለሁ። እጁ እኮ እንደ ሕፃን እጅ ለስላሳ ነው… ለካ ሰው መናቅ ኃጢአት ነው። ድርጅት ሲገፋ በዓይኔ ካላየሁ ብዬ ሰው አማሁ።"

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። አማችየው ጫማው አሸዋ ላይ እየተንሸራተተ፣ አፉን ገጥሞ ገፋ።

"ያንን ልጅ በርታ በሉት እንጂ" አሉ አማቱ። "ክራባት ያሰረውን ነው የምለው። ሌላ ሰው እንዳይመስላችሁ። ለስሙ ማን ያውቀዋል… ግን አገፋፉ የለመደ ሰው አገፋፍ ነው።"

ሾፌሩ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ፣ አውቶቡሱ ሁለቴ ነጠር ነጠር አለና ተነሳ። ጥቁር ጭሱን አማችየው ሸሚዝ ላይ ተፋበት። የተነሳ አውቶቡስ ደግሞ አይቆምም፤ ከቆመ ይጠፋልና። ገፊው ሁሉ እየሮጠ በሩ ላይ ይንጠለጠላል። እናቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው ዘለሉ፣ ልብስ ሰፊዋ ዘለለች። አማችየው የመጨረሻው ሆነ። ግንበኛው ክንዱን ይዞ እንደ ጆንያ ጎትቶ አስገባው። ፌርማታዎቹ ላይም ማንም ቁም ሲል አልተሰማም፤ ሰው እየሮጠ ይወጣል፣ የወጣው የሚሮጠውን ይስባል። ሁለተኛው ፌርማታ ሳይደረስ አውቶቡሱ ግጥም አለ። አማችየው ከአማቱ ወንበር አጠገብ ብረት ይዞ ቆመ። ቦርሳው አሁን እሳቸው ጭን ላይ ነው።

ትኬት ቆራጩ እየተጋፋ መጣ። ከአማቱ ተቀበለ፣ ከሁለቱ ሽማግሌዎች ተቀበለ። አማችየው ገንዘብ ሲዘረጋለት ግን ቅር ያለው ይመስል እጁን መለሰበት።

"አንተ ገፍተሃል። የገፋ አይከፍልም።"

አማችየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይህ ሁልጊዜ ነው ወይ? ሲል ግንበኛውን ጠየቀው። ግንበኛው ሳቀበት። ተለጣፊው ከተለጠፈ ጀምሮ እንዲህ ነው፤ ጉልበቱን ሰጥቶ ደግሞ ገንዘብ የሚሰጥ ማን አለ? ሮጦ የሚወጣውስ ቢሆን፣ ካልቆመለት አውቶቡስ ትኬት ቁረጥ ቢባል በጄ ይላል? ትኬት ቆራጩም የሰፈር ልጅ ነው፤ ልጠይቅ ቢልም አያምርበትም።

አማችየው ዙሪያውን አየ። ሰው በሰው ላይ ቆሟል። ትኬት የያዙት ሦስት አዛውንቶች ብቻ ነበሩ።

 በማግስቱ ስብሰባ አለ። ምክር ቤቱ ድጎማውን የምለቀው አንድ መስመር ከዘጋችሁ ነው ብሏል፤ የትኛው እንደሚዘጋ ተነስቶ የሚናገረው እሱ ነው። የመረጠው የኮረብታውን መስመር ነበር። ለምን ቢባል፣ በተሸጠው ትኬት መሠረት አውቶቡሱ ባዶውን ነው የሚወጣው፣ ባዶውን ነው የሚወርደው። ለሚስቱ አልነገራትም። ለማንም አልነገረም።

"ልብስ ሰፊ፣ ቀረብ በይ" አሉ አማቱ። ቀረብ በይ ቢሉም ድምፃቸውን አልቀነሱም፤ ሞተሩ ይጮሃል። "ነገ ስብሰባ አለ አሉ። አንድ መስመር ሊቆረጥ ነው። የትኛው ይመስልሻል?… 'ሰው የሌለበት መስመር' ነው አሉ።"

አማችየው ቀና አለ። ቃሏ የራሱ ናት።

"ይህን የመሰለ አነጋገር ከየት ሰማሽ በይኝ። ከመታጠቢያ ቤት። ትናንት ፊቴን ልታጠብ ብሄድ በሩ ዝግ ነው፤ ውስጥ ሰው ንግግር ያደርጋል። 'ክቡራን የምክር ቤት አባላት' ይላል። ሳል ይልና ደግሞ ከመጀመሪያው። ፎጣዬን ይዤ ቆሜ አዳመጥኩ፤ ምን ቸኮልኩ። 'ሰው የሌለበት መስመር' ያለ ጊዜ ድምፁን እንዴት እንዳሳመረው ብትሰሚ… መስተዋቱም አልተቃወመው። በሙሉ ድምፅ አለፈ።"

ሰው ሳቀ። የሚሳቀው በመስተዋት ነበር፤ ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ልብስ ሰፊዋ ብቻ አልሳቀችም። ከአማቱ ወደ ጥቁሩ ሸሚዝ፣ ከሸሚዙ ወደ ክራባቱ ቀስ ብላ አየች።

"እንዲያው ልጠይቅሽ፣ አንቺ ሰው ነሽ እንዴ?" አሉ አማቱ። "ይህን ሁሉ ዘመን ግድግዳ ተጋርተን ሰው ትመስዪኝ ነበር። በእነሱ ጥናት ግን አይደለሽም። እኔም አይደለሁም። ይኸው ይህ ልጅ የእኔን እግር ረግጦ ቆሟል፤ እሱም የለም… ወይስ 'ሰው የላቸውም' ማለቱ ይሆን? እንዲያ ከሆነ ልክ ነው። ቢሮ ውስጥ ሰው ያለው መስመሩ አይቆረጥበትም። እኛ ማን አለን? እኔ አሁን ማን አለኝ?" የቦርሳውን ማንገቻ አስተካከሉ። "ቆራጥ ነው ይሉታል። እኔ ቆራጥ ሲሉ ደፋር ማለት ይመስለኝ ነበር። መቁረጥም አለበት ለካ።"

አማችየው እግሩን ከእግራቸው ላይ አነሳ።

"ደግሞ ለጉልበቴ አስቦ ይሆናል" አሉ። "ልጄ ልትወልድ ነው። ወርጄ ላርሳት፣ ሕፃኑን ላጥብ፣ ስል ነበር። በዚህ ጉልበት ኮረብታ በእግር አይወረድም፤ ቢወረድም አይወጣም። እሱ ግን 'አያትስ ለምን ትድከም' ብሎ ይሆናላ። ፎቶ አለ አይደል? ልጁ በፎቶ ያውቀኛል። ፎቶ ነዳጅ አይበላ…"

እዚህ ላይ ቆሙ። እስካሁን ዝም ሲሉ ሰው እንዲገባው ነበር። ይህኛው ዝምታ ግን እንደዚያ አልነበረም። መሃረባቸውን አውጥተው ጭስ ዓይኑ ውስጥ እንደገባ ሰው ዓይናቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉና መልሰው ከተቱት።

"የሰውየው ሚስት ግን አልሰማችም" አሉ ቀስ ብለው። "ነፍሰ ጡር ናት አሉ። ባሏ እንዴት ያለ ንግግር እንዳዘጋጀ የሚነግራት አልተገኘም። እኔ እንኳ አፌን ይዤ ወጣሁ። እንዲህ ያለ ደስታ በድንገት ሲሆን ጥሩ አይደለም… ራሱ ቀስ አድርጎ ቢነግራት ይሻላል። አይመስልሽም?"

አውቶቡሱ ኮረብታው አናት ደረሰ። እንደገና ለመውረድ እዚያው ትንሽ ይቆማል። ሰው መውረድ ጀመረ። ሾፌሩ ቁልፉን ያዘና ወደ ተለጣፊው ቀና ብሎ ተነፈሰ። እዚህ ከጠፋ ደግሞ ወደታች መግፋት ነው።

"ላጥፋው እንግዲህ" አለ ለራሱ።

"አታጥፋ" አለው አማችየው። ከመጣ ጀምሮ ጮክ ብሎ የተናገረው ይህን ብቻ ነው።

ሾፌሩ ዞረ። ትኬት ቆራጩም፣ ግንበኛውም፣ በሩ ላይ የነበረው ሁሉ ዞረ። የእረፍት ቀን፣ ክራባት፣ በዚያ ላይ ትእዛዝ።

"አንተ ደግሞ ማነህ?" አለው ሾፌሩ።

አማችየው አማቱን አየ። ልብስ ሰፊዋም አማቱን አየች። ማንነቱን የምታወጣ አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረችው፤ አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ደግሞ ያችን ቃል ለወራት ሲጠብቅ ኖሯል።

አማቱ ብረቱን ይዘው ተነሱ። ጉልበታቸውን አሻሹ። አልቸኮሉም።

"ሰው ነው" አሉ። "ከኔ ጋር የመጣ ሰው ነው።"

ሾፌሩ ሰው ከሆነስ እሺ አለና እጁን ከቁልፉ ላይ አነሳ። አማችየው ትንፋሹን ለቀቀ። ዓይኑ ሊያለቅስ የደረሰ ይመስል ነበር። ምረውኛል ማለት ነው ብሎ አሰበ። ፈጥኖ ቀድሟቸው ወረደና እጁን ዘረጋላቸው። እጁን ይዘው፣ ደረጃውን አንድ በአንድ ወረዱ፤ ቦርሳቸውን ከልብስ ሰፊዋ ተቀበሉ። ቤት ድረስ ላድርስዎ ሲላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከሠርጉ ቀን ጀምሮ አማቱ "አንተ" እና "ልጄ" ከማለት በቀር ሌላ አጠራር ጠርተውት አያውቁም። አሁን ግን የተለጠፈውን ወረቀት አንዴ፣ እሱን አንዴ አዩና፣ እንደ ትልቅ እንግዳ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱት።

"እርስዎ በዚሁ ይመለሱ፤ ደክመዋል፤ ነገም ብዙ ሥራ አለብዎት" አሉ። "ፈጣሪ ከቆሙበት ያንሣዎ። አልነሳም ቢልብዎትም… የሚገፋዎት ሰው አያሳጣዎ።"

ምን ያለ ምርቃት ነው! ግንበኛው ደስ አለው። ትኬት ቆራጩ ደስ አለው። ልብስ ሰፊዋ ክራባቱን እያየች ፈገግ አለች። ሞተሩ ስላልጠፋ፣ ሁሉም "አሜን" ያሉት ጮኸው ነበር።